አደባባዩን የያዙት ወጣቶች፣ ምርጫውን የወሰዱት ሌሎች፦ ግብፅና ቱኒዝያ ከ2011 በኋላ

አባይ_ማዶ

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ እዚህ ብጥለው ይሻላል አልኩ። እንዳንምታታ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

በ2011 ጃንዋሪ የካምፓስ ተማሪ ነበርኩ። ላውንጁ ውስጥ ያለችው አንዲት ቲቪ ከኳስ ወደ አልጀዚራ የዞረችው ያን ሰሞን ነው። የካይሮውን ታህሪር አደባባይ ቆመን ነበር የምናየው። ጂንስ የለበሱ ልጆች፣ ድንኳን ውስጥ ያደሩ፣ ባንዲራ ፊታቸው ላይ የቀቡ። ከእነሱ በፊት ደግሞ ቱኒዝያ ነበረች። ሲዲ ቡዚድ ላይ ሙሐመድ ቡአዚዚ የሚባል አትክልት ቸርቻሪ ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ራሱን አቃጠለ። ጃንዋሪ 14 ፕሬዚዳንቱ ቤን አሊ የ23 ዓመት ወንበሩን ጥሎ ሳዑዲ ገባ። ሰልፈኛው የሚጮኸው ስለ ዳቦ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ክብር ነበር። የሃይማኖት መፈክር ጎልቶ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ግብፅ ውስጥ ሙስሊም ወንድማማቾች የሚባለው እስላማዊ ድርጅት ሰዎች የጃንዋሪ 25ቱን ሰልፍ እንደ ድርጅት አልጠሩም። ወጣቶቻቸው በየግላቸው ወጡ እንጂ ድርጅቱ ሙሉ ኃይሉን ይዞ የገባው 28 ላይ ነው። የቱኒዝያው እስላማዊ ፓርቲ የኤናህዳ መሪ ራሺድ ጋኑሺ ደግሞ ቤን አሊ ሲሸሽ ለንደን ነበሩ። ከስደት የተመለሱት ጃንዋሪ 30 ነው።

ከዚያ ምርጫ መጣ። ኦክቶበር 23 ቀን 2011 ቱኒዝያ ላይ ኤናህዳ ከ217 መቀመጫ 89ኙን ወሰደ፤ አንደኛ። ግብፅ ላይ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ በሦስት ዙር በተካሄደው ምርጫ የወንድማማቾቹ ነፃነትና ፍትሕ ፓርቲ ከነአጋሮቹ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለተኛ የወጡት እንኳ ሊበራሎቹ አይደሉም። ሰለፊዎቹ ናቸው፤ ኑር ፓርቲ ከነጥምረቱ ሩብ ያህሉን አገኘ። አደባባይ ያደሩት ልጆች ያቆሙት ጥምረት በጣት የሚቆጠር መቀመጫ ይዞ ቀረ።

እንዴት ነው ነገሩ? ያልጀመሩት ሰዎች እንዴት ጨረሱት? በቦታው የነበራችሁ ካላችሁ በተለይ እናንተን መስማት እፈልጋለሁ።

ቀጥታ_ተናጋሪ

መልሱ አጭር ነው ወንድሜ። ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ነው። የሃይማኖት ስም ያለው ፓርቲ አየ፣ መረጠ። አለቀ። ምርጫ ለእነዚህ ሰዎች መሰላል ነው። ላይ ከወጡ በኋላ መሰላሉን ይገፉታል።

ሰሚራ_ቤተል

አላለቀም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኔ ሙስሊም ነኝ። "እስላማዊ ፓርቲ" ሲባል እስልምናን የፖለቲካ ፕሮግራም ያደረገ ድርጅት ማለት እንጂ ሙስሊሙ ሁሉ ማለት አይደለም። ኤናህዳን ያልመረጠው ቱኒዝያዊም ጁምዓውን ይሰግዳል፣ ረመዳኑን ይጾማል። ይህን ካልለየን ውይይቱ ገና ከበሩ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ሃይማኖተኝነት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሊቢያን እንዴት እንፈታታለን? ጋዳፊ ከወደቀ በኋላ በጁላይ 2012 ምርጫ ተደረገ። ለፓርቲዎች ከተመደቡት 80 መቀመጫዎች ውስጥ የወንድማማቾቹ ፓርቲ ያገኘው 17 ነው። ሊበራል የሚባለው የማሕሙድ ጅብሪል ጥምረት 39 ወሰደ። ሊቢያዊ ከግብፃዊ ያነሰ ሃይማኖተኛ ነው የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ጋዳፊ አገሩ ውስጥ ማንንም፣ ምንንም እንዲደራጅ አልፈቀደም። ወንድማማቾቹ እዚያ ሥር አልነበራቸውም። ግብፅ ላይ ግን ሐሰን አልባና ኢስማዒሊያ ከተማ ላይ ድርጅቱን ያቋቋሙት በ1928 ነው። ሰማንያ ምናምን ዓመት ማለት ነው። እስከ 2011 የገዛው ፕሬዚዳንት ሙባረክ ያስራቸዋል፣ ይፈታቸዋል፣ መልሶ ያስራቸዋል። ክሊኒካቸውንና የበጎ አድራጎት ማኅበራቸውን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም፤ መንግሥት ያልሸፈነውን ይሸፍኑለት ነበራ።

ሌላው ፓርቲ ሁሉ ተቀጥቅጦ ጋዜጣና ቢሮ ብቻ ሲቀረው፣ የእነሱ መረብ ግን ሰፈር ውስጥ ነበር።

ካይሮ_ነበርኩ

ሰሚራ ያለችው እውነት ነው፤ በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር።

ከ2008 እስከ 2013 መጨረሻ ካይሮ ነበርኩ። ማዓዲ የልጆች ሞግዚት ሆኜ ነበር የምሠራው፣ የምኖረው ግን አርድ ኤል ሊዋ ነው። ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። አስፋልት የለም፣ ቱክቱክ እንደ ንብ ነው የሚርመሰመሰው፣ ሕንፃው ከሕንፃው ተጣብቆ ፀሐይ አያስገባም። መንግሥት የሚባለውን ነገር እዚያ የምታየው ፖሊስ ጉቦ ሊቀበል ሲመጣ ነበር።

ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ግብፃዊት ትኖር ነበር። ልጇ አስም አለበት። ማታ ማታ ሲያፍነው ይዛው የምትሮጠው መስጊዱ ሥር ወዳለው ክሊኒክ ነው። ጥቂት ፓውንድ ትከፍላለች፣ ሐኪሙ ስሟን ያውቃል። መንግሥት ሆስፒታል ብትሄድ መርፌውን ራሷ ገዝታ ነው የምትገባው። ክሊኒኩ የማን እንደሆነ ማንም ጽፎ አልለጠፈም። ሰፈሩ ግን ያውቃል።

በ2011 ለዒድ አልአድሐ የፓርቲው ልጆች መኪና ላይ ሥጋ ጭነው መጥተው ከገበያ በታች ሸጡ። የጋዝ ሲሊንደር ሲጠፋ እነሱ ናቸው ወረፋ የሚያስይዙት። ልብ በሉ፣ በነፃ አይሰጡም። በርካሽ ይሸጣሉ። ሰው ለማኝ ሆኖ አልተሰማውም።

የጊዛ ተራ ዲሴምበር 14 እና 15 ነበር። ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ አውጥተው ላፕቶፕ ይዘው ተቀመጡ። መራጩ መታወቂያውን ያሳያቸዋል፤ የትኛው ክፍል እንደሚመርጥና ተራ ቁጥሩን ፈልገው ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፉለታል። ወረቀቱ ላይ የፓርቲው ምልክት፣ ሚዛን፣ ታትሟል። ሕግ ይፈቅዳል አይፈቅድም ሌላ ጉዳይ ነው። ትንሽ ራቅ ብለው ፂማቸውን ያስረዘሙት የኑር ፓርቲ ልጆች ፋኖሳቸውን ይዘው ቆመዋል። የታህሪር ልጆችስ? አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሄደዋል፣ ጽሑፉ ደግሞ ደቃቅ።

ጎረቤቴ ማንበብ አትችልም። ሚዛኑን አይታ መርጣ መጣች። ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም አሳየችኝ፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ደስታዋ ልጅ የዳረች ነው የሚመስል። ለምን እነሱን መረጥሽ አልኳት። "ሌሎቹን የት አውቃቸዋለሁ?" አለችኝ።

አባይ_ማዶ

"ሌሎቹን የት አውቃቸዋለሁ?" ... እህቴ፣ ለጥያቄዬ ከዚህ የቀረበ መልስ አላገኘሁም።

ቱኒስ_5ዓመት

እኔ ደግሞ ሌላኛውን ጫፍ ልናገር። የአፍሪካ ልማት ባንክ ከአቢጃን ወጥቶ ቱኒስ በነበረበት ዘመን ባለቤቴ እዚያ ትሠራ ነበር። ላ ማርሳ ነበርን።

ቱኒዝያ ላይ የግብፁን ዓይነት ክሊኒክና ሥጋ አትፈልጉ። ቤን አሊ ኤናህዳን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሥሩ ነቅሎታል። በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ታሰሩ፣ የቀሩት ተሰደዱ። ሃያ ዓመት ሙሉ አገር ውስጥ ቢሮ የለ፣ ጋዜጣ የለ። ታዲያ በሰባት ስምንት ወር ውስጥ ተነስቶ እንዴት አሸነፈ?

በእኔ እይታ ያስመረጣቸው እስር ቤቱ ነው። ሐማዲ ጀባሊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ከ15 ዓመት በላይ ታስሮ፣ አብዛኛውን ለብቻው ተዘግቶበት ወጣ። ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዓሊ ላዓራየድ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ምድር ቤት ተሰቃይቷል። ከዚያ የዚያው ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ሐቢብ ቡርጊባ ጎዳና ላይ ያለውን ያን ግራጫ ሕንፃ ሳልፍ ሁሌ ይህን ነው የማስበው። ያ ሰው ጠዋት ጠዋት በየትኛው በር ይገባ ይሆን?

የእስረኛ ሚስቶችና እናቶች በየከተማው በስንቅ ማመላለሻ ይተዋወቃሉ። ያ መረብ አልሞተም ነበር። በዚያ ላይ ሰዉ በቤን አሊ አማቾች ዝርፊያ አንገቱ ድረስ ጠግቧል። ፊቱ የቀረቡለት ደግሞ ያልሰረቁ ሰዎች ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው መቼ ይሰርቃል? የቤታችን አትክልተኛ ቢራውን የሚጠጣ ሰው ነበር፤ ኤናህዳን ነው የመረጠው። "አላህን ይፈራሉ፣ ካዝናውን አይነኩም" ነው ያለኝ። ሸሪዓ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም።

ቀጥታ_ተናጋሪ

እሺ፣ አመራረጡ ገባኝ። እኔ የምለው ግን ስለ በኋላው ነው። ቱኒስ ላይ ሴፕቴምበር 2012 የአሜሪካ ኤምባሲ ተጠቃ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2013 ሹክሪ በልዒድ ቤቱ በር ላይ በጥይት ተገደለ። ጁላይ 25 ሙሐመድ ብራህሚ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። ሁለቱም የግራ ፖለቲከኞች፣ ሁለቱም ኤናህዳን አምርረው የሚተቹ። መንግሥቱ የማን ነበር? የእነሱ። ይህን ዘለን ስለ እስር ቤት ብቻ ማውራት ልክ አይደለም።

ቱኒስ_5ዓመት

አልዘልም። ልክ ነህ።

የበልዒድ ቀብር ዕለት ጀላዝ መቃብር ነበርኩ፤ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ሄድኩ። ዝናብ ዝናብ ይላል። አጠቃላይ አድማ ተጠርቶ ከተማው ጭር ብሏል፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ግን ሰው በሰው ነው። በአገሩ ወግ ሴቶች ወደ ቀብር አይወጡም። ያን ቀን ግን ወጡ። አጠገቤ የነበረች አሮጊት የጋኑሺን ስም እየጠራች ነፍሰ ገዳይ ትል ነበር። ኤናህዳ በግድያው እጄ የለበትም ነው የሚለው፤ መንግሥት ጥፋቱን አንሷር አልሸሪዓ በሚባለው አክራሪ ቡድን ላይ አደረገ። ግን ሰዉ የተቆጣው በሌላ ነው። በእነዚያ አክራሪዎች ላይ ለሁለት ዓመት ዝም ተብሏል። "ልጆቻችን ናቸው፣ በምክር ይመለሳሉ" ተባለ። አሸባሪ ተብለው የተፈረጁት በኦገስት 2013 ነው፤ ሁለት ሰው ካለቀ በኋላ። ይህ ከባድ ጥፋት ነበር። እዚያ የነበረ ሰው አይክደውም።

አሁን ግን "መሰላሉን ይገፉታል" ወዳልከው ልምጣ። አልገፉትም። ማርች 2012 ላይ ሸሪዓ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይግባ የሚለውን ጥያቄ ፓርቲው ራሱ ተወው። በኦገስት ረቂቁ ውስጥ ሴትን የወንድ "ማሟያ" የሚያስመስል አንቀጽ ገባ፤ ኦገስት 13፣ የሴቶች ቀን፣ ሴቶቹ ጎዳናውን አጥለቀለቁት፣ አንቀጹ ወጣ። ከብራህሚ ግድያ በኋላ አገሩ ሊፈነዳ ሲል የሠራተኞች ማኅበሩ ኡዥቴቴ፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የጠበቆች ማኅበርና የሰብአዊ መብት ሊጉ ሆነው ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ኋላ በ2015 ኖቤል የተሸለሙት እነሱ ናቸው። ኤናህዳ በምርጫ ያገኘውን መንግሥት ጃንዋሪ 2014 ላይ ለባለሙያዎች ካቢኔ አስረከበ። ሕገ መንግሥቱ ከ216 ድምፅ 200 አግኝቶ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ፤ 69 መቀመጫ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። ሽንፈቱንም ተቀበለ።

ሰሚራ_ቤተል

እዚህ ላይ ሰዎች ሁሌ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። የምርጫ ሕጉ።

ቱኒዝያ ላይ ከምርጫው በፊት የተቋቋመው ኮሚሽን ተመጣጣኝ ውክልናን መረጠ፤ የድምፅ ቀሪው ለትናንሾቹ ፓርቲዎች እንዲጠቅም ተደርጎ ተሰላ። ስለዚህ ኤናህዳ 37 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ብቻውን መንግሥት መመሥረት አልቻለም። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ሁሉን ይውሰድ ቢባል ኖሮ ምክር ቤቱን ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ሳይወድ በግዱ ከሁለት ዓለማዊ ፓርቲዎች ጋር ተጣመረ። ሞንሰፍ ማርዙቂ ፕሬዚዳንት፣ ሙስጠፋ ቤን ጃዕፈር አፈ ጉባኤ፣ ጀባሊ ጠቅላይ ሚኒስትር።

ግብፅ ላይ ግን ሁሉም ነገር ወደ አንድ ወንበር ተጠቀለለ። ወንድማማቾቹ ለፕሬዚዳንትነት አንወዳደርም ብለው ነበር። ማርች 2012 መጨረሻ ላይ ቃላቸውን አጥፈው ኸይረት አልሻጢርን አቀረቡ። እሱ ሲከለከል ሙሐመድ ሙርሲ ተተካ። በመጀመሪያው ዙር ያገኘው ሩብ ያህል ድምፅ ነው። በሁለተኛው ከሙባረክ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ከአሕመድ ሻፊቅ ጋር ተፋጥጦ በ51.7 በመቶ አለፈ። ስንቱ ሰው ሙርሲን ወዶ ሳይሆን ሻፊቅን ጠልቶ እንደመረጠው አስቡት። እሱ ግን ሙሉ አደራ እንደተሰጠው ሰው ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ካይሮ_ነበርኩ

ሙርሲን እኮ "እስቴብን" ነበር የሚሉት። በእኛ ስኮርታ ጎማ ማለት ነው፤ ሻጢር ሲተነፍስ የተቀየረ። ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት፣ የትም ትሰሙታላችሁ።

ኖቬምበር 22 ቀን 2012 ውሳኔዬን ፍርድ ቤት አይሽረውም የሚል አዋጅ አወጣ። ከሳምንት በኋላ ሊበራሎቹና የቤተ ክርስቲያን ተወካዮች ጥለው በወጡበት ጉባኤ ሌሊቱን ሙሉ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ ሲያጸድቁ በቲቪ አየን። አሠሪዬ ኮፕት፣ የግብፅ ክርስቲያን፣ ነበረች። እስኪነጋ አልተኛችም። ጠዋት ልጆቹን ላለብስ ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ "ይሄ አገር የእኔ አይደለም ማለት ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም ብዬ ሻይ አፈላሁላት።

አባይ_ማዶ

ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ነገርም ማንሳት አለብን። ሙርሲ በሜይ 2013 ለአፍሪካ ኅብረት 50ኛ ዓመት አዲስ አበባ ነበር። እሱ ከተመለሰ በኋላ ሜይ 28 የዓባይ ውኃ ለግድቡ ሥራ አቅጣጫው ተቀየረ። ጁን 3 ፖለቲከኞቹን ሰብስቦ ሲመክር ስብሰባው በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፣ ተሰብሳቢዎቹ ግን አያውቁም። እዚህ ቤት ያለን ሁላችን የሰማነው ነው፤ አንዱ አማፂ እንደግፍ፣ ሌላው የጦር አውሮፕላን ልንገዛ ነው የሚል ወሬ እንንዛ። ጁን 10 ደግሞ ሙርሲ አዳራሽ ሙሉ ደጋፊ ፊት ቆሞ ዓባይ አንዲት ጠብታ ብትጎድል ምትኩ ደማችን ነው አለ። በሦስተኛው ቀን የእኛ ፓርላማ የናይል ማዕቀፍ ስምምነቱን አጸደቀ።

ብዙ ሰው ይህን "እስላማዊ ስለሆኑ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ያን ቪዲዮ ደግሜ አየሁት። አማፂ እንርዳ ያለው የሰለፊው ኑር ፓርቲ መሪ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ወሬ እንንዛ ያለው ግን ሊበራሉ አይማን ኑር ነው። በዓባይ ጉዳይ ሁሉም አንድ ናቸው። ሙርሲ አገሩ ውስጥ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲከዳው ነበር ወደ ግድቡ የዞረው።

ካይሮ_ነበርኩ

ያን ሰሞን መንገድ ላይ አማርኛ ማውራት ፈርተን ነበር። አንድ ባለ ታክሲ ከየት ነሽ ብሎኝ ስነግረው መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ውረጂ አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ከተከራዩበት ቤት ውጡ ተብለዋል። ጎረቤቴ ግን ማታ ምግብ ይዛ መጣች። "ውኃውን አንቺ አልያዝሽው" አለችኝ።

ጋሽ_ካርቱም

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ስከታተላችሁ ቆየሁ። ስለ 2011 ስታወሩ እኔ ስለ 1985 ነው የማስበው።

ካርቱም የገባሁት በ1984 በገዳሪፍ በኩል ነው፣ ስደተኛ ሆኜ። በኤፕሪል 1985 ሕዝቡ ፕሬዚዳንት ኒሜይሪን ሲጥል መንገድ ላይ ነበርኩ። ሐኪሞቹ፣ ጠበቆቹ፣ መሐንዲሶቹ፣ የባቡር ሠራተኞቹ ናቸው ሥራ አቁመው አገሩን ቀጥ ያደረጉት። የእስላማውያኑ መሪ ሐሰን ቱራቢ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ ከኒሜይሪ ጋር የነበረ ሰው ነው። በ1986 ምርጫ ሲደረግ ግን ፓርቲው፣ ብሔራዊ እስላማዊ ግንባር፣ 51 መቀመጫ ይዞ ሦስተኛ ወጣ። ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ተለይተው ከተቀመጡት 28 መቀመጫዎች አብዛኛውን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ባንክ ነበራቸው፣ የተማሪ ማኅበር ነበራቸው። ቱራቢ ራሱ በገዛ ወረዳው ተሸነፈ፤ ሌሎቹ ፓርቲዎች ተስማምተው አንድ ሰው ብቻ አቁመውበት።

አቶ ቀጥታ ተናጋሪ መሰላል አልክ። ሱዳን ላይ የወጡት በምርጫ መሰላል አይደለም። ሦስተኛ ወጥተው መጠበቅ አልቻሉም። ጁን 30 ቀን 1989 ሌሊት በታንክ ወጡ። ቱራቢ ኋላ ራሱ ተናገረ፤ መፈንቅለ መንግሥቱን የመራውን አልበሽርን አንተ ቤተ መንግሥት ግባ፣ እኔ እስር ቤት ልግባ ብሎት ነበር፣ እንዳይታወቅ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት። እኛ ኮበር እስር ቤት አጠገብ ሻይ የምንጠጣባት ቦታ ነበረች። የሱዳን ጓደኞቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ የሰማሁት እዚያ ነው። እነዚያ ሰዎች ያለ ጩኸት ማውራት አይችሉም ነበር።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ያጸናልኛል፤ እምነት የሚጣልባቸው አልነበሩም።

ሰሚራ_ቤተል

ሱዳን ላይ አዎ። አልጀሪያ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የ1988ቱ አመፅ በሩን ከፈተ፣ ዲሴምበር 1991 የእስላማዊ መዳን ግንባር በመጀመሪያው ዙር ብቻ 188 መቀመጫ አገኘ፣ ጃንዋሪ ላይ ጦሩ ምርጫውን ሰረዘ። ከዚያ አሥር ዓመት ደም ፈሰሰ። ጋኑሺ በስደት ሆነው ያዩት ይህን ነው። ጁላይ 2013 ላይ ደግሞ ግብፅን አዩ። ኤናህዳ ሥልጣን ያስረከበው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፈርቶም ነው። ፍርሃት አንዳንዴ ጥሩ አማካሪ ነው።

ካይሮ_ነበርኩ

ጁን 30 ቀን 2013። የቤንዚን ሰልፍ ኪሎ ሜትር ይሞላል፣ መብራት በቀን ሦስት አራቴ ይጠፋል። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወጣ። ጎረቤቴም ወጣች! ሚዛኑን የመረጠችው። በሦስተኛው ቀን የጦሩ አዛዥ አልሲሲ የሙርሲን መውረድ ሊያውጅ በቲቪ ቀረበ። ከጎኑ የአልአዝሃር ሼክ፣ ጳጳሱ ታዋድሮስ፣ ሊበራሉ ፖለቲከኛ ኤልባራዳይ። የኑር ፓርቲ ሰውም እዚያው ተቀምጧል። ሰለፊዎቹ ወንድማማቾቹን ጥለው በጊዜ ተሻግረዋል።

ኦገስት 14 የሙርሲ ደጋፊዎች በተሰበሰቡበት ራቢዓ አደባባይ ላይ የሆነውን አልተርክም። ሂዩማን ራይትስ ዋች ቢያንስ 817 ሰው መገደሉን ጽፏል። የሰፈራችን መስጊድ በር ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በሳምንቱ ተቀደደ።

የ16ኪሎው

ዘግይቼ ገባሁ። ቱኒስ፣ አንድ ጥያቄ። ኤናህዳ ሁሉን አካፈለ፣ አስረከበ፣ በ2016 እንዲያውም የሃይማኖት ሥራውን ከፖለቲካው ለየሁ አለ። መጨረሻው ግን ከሙርሲ በምን ተለየ? ጋኑሺም ዛሬ እስር ቤት ናቸው።

ቱኒስ_5ዓመት

ይህ ጥያቄ ያመኛል።

ማካፈሉም ዕዳ አመጣ። ከ2014 በኋላ ከትናንት ጠላቱ ከኒዳ ቱኒስ ፓርቲ ጋር መንግሥት ገባ። ሰላም ሆነ፣ ግን ማን ተቃዋሚ እንደሆነ ጠፋ። ሥራ አጥነቱ እዚያው፣ ሲዲ ቡዚድ እዚያው። ሰዉ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ጀመረ። ያልሰረቁት የሚባሉትም ከሌላው ተቆጠሩ። 89 የነበረው መቀመጫ በ2019 ወደ 52 ወረደ፤ አንደኛ የወጡት ሌላው ከእነሱ የባሰ ስለተበጣጠሰ ነው። ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ጁላይ 25 ቀን 2021 ምክር ቤቱን ሲያግድ ሕዝቡ በመኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው የተቀበለው። ጋኑሺ አፈ ጉባኤ ነበሩ። ሌሊት ምክር ቤቱ በር ላይ ሄዱ። ወታደሩ ከብረት አጥሩ ወዲያ ቆሞ አላስገባም አለ። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋ አየናቸው። ለእሳቸው ብሎ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። ኤፕሪል 2023 ታሰሩ።

በምን ተለየ ላልከው፣ ቱኒዝያ ላይ ራቢዓ የለም። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። አሥር ዓመት ያህል ሰው ያለ ፍርሃት ተናግሯል፣ መርጧል፣ ሽሯል። ልጄ እዚያ ነው ማንበብ የተማረው፤ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮቹን ያነበበው ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ የምርጫ ፖስተሮች ነው።

አባይ_ማዶ

ካይሮ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎረቤትሽ አሁን ምን ላይ ናት?

ካይሮ_ነበርኩ

ለዒድ ለዒድ እንደዋወላለን። ክሊኒኩ ተወርሷል፤ በ2013 መጨረሻ መንግሥት ከወንድማማቾቹ ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸውን ማኅበራት ገንዘብ በጅምላ ሲያግድ ያ ክሊኒክም ውስጡ ነበር። አሁን ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ነው ሆስፒታል የምትሄደው። ልጁ አድጓል፣ አስሙ ግን አለ።

ባለፈው ስለ ምርጫ ላነሳባት ሞከርኩ። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ።